አስቴር ጋኖ፦ ከባሪያ ጀልባ ወደ ነቀምቴ ትምህርት ቤት

የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ። ቢጠራም ይገባዋል። ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ሥራ ነው። ግን ብቻውን አልሠራውም። ከጎኑ አንዲት ወጣት ነበረች። ቃል ትለቅማለች፣ ተረት ትጽፋለች፣ ትተረጉማለች። በኋላም ወለጋ ገብታ ልጆች አስተማረች። ስሟ አስቴር ጋኖ ነው።

ይህ ጽሑፍ የእሷን ሕይወት እንደ አንድ ጉዳይ ይዞ ያያል። ጥያቄው ቀላል ነው። ቅስናም ሹመትም ያልነበራት አንዲት አስተማሪ ይህን ያህል ሥራ እንዴት ሠራች? ከሠራችስ በኋላ ስሟ እንዴት ከኦነሲሞስ ጥላ ሥር ቀረ? (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ስትወለድ ነጻ ልጅ ነበረች። ባሪያ ያደረጋት የሊሙ እናርያ ንጉሥ ነው። ሊሙ እናርያ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። የቀሩት አራቱ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ያ አገር በቡናው፣ በዝባዱና በዝሆን ጥርሱ የታወቀ ነበር። ነጋዴዎቹ ከዚሁ ዕቃ ጋር ሰውም ይነዱ ነበር። አንድ ሐረግ ውስጥ አብሮ ለመጻፍ እንኳ ይቀፋል፤ ገበያው ግን አንድ ነበር።

ከጊቤ ተነስቶ ባሕር የሚደርስ ልጅ በብዙ እጅ ያልፋል። ኦነሲሞስ ራሱ ያለፈበት መንገድ ነው። የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ተሰረቀ። ስምንት ጊዜ ተሽጦ ምፅዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊዝ ተወላጅ ነጻ አወጣው። በዚያው በምፅዋ ወደ ስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ።

የአስቴር ዕድል የዞረው ባሕሩ ላይ ነው። በ1886 እሷን ያሳፈረችው ጀልባ ወደ ዓረብ አገር ስታመራ የኢጣሊያ መርከቦች ያዟት። ኢጣሊያ ምፅዋን ከያዘች ገና ዓመት አልፏት ነበር። የባሪያ ንግድን ማስቆም ለቅኝ ገዢ ጥሩ ስም የሚያስገኝ ሥራ እንደነበር አይካድም። ጀልባው ውስጥ ለነበሩት ልጆች ግን የመርከቦቹ ሐሳብ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ያው ነው፤ ሳይሸጡ ቀሩ። አስቴርን ከምፅዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ምኩሉ ወሰዷት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የአስቴር ታሪክ ብቸኛ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ እዚያው ቀይ ባሕር ላይ ከሁለት መቶ በላይ ኦሮሞዎችን ከባሪያ ጀልባዎች አወጣች። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከእነሱና በቀጣዩ ዓመት ከተያዙት ውስጥ ስልሳ አራቱ በዓደን በኩል አልፈው በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ። ከመካከላቸው ቢሾ ጃርሳ የተባለችው ልጅ እዚያው በአስተማሪነት ሠለጠነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት ታስሮ የነበረው፣ ኋላም ለአፍሪካ ቋንቋዎች መብት የተከራከረው ምሁር ነው። ሁለቱም ልጆች ከአንድ ባሕር ወጥተው አስተማሪ ሆኑ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ቢሾ ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ አስቴር ተመለሰች።

ምኩሉ የጠበቃት ሥራ

ስዊድናውያኑ ምፅዋ የደረሱት በ1866 ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ነበር። መንገዱ ግን አልተከፈተም። ጦርነት አለ፣ በሽታ አለ፣ የነገሥታቱ ክልከላ አለ። ቀይ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ቀሩ ማለት ይቻላል። ታዲያ ሊሄዱበት ያልቻሉት አገር ልጆች በራሳቸው መጡላቸው፤ በባሪያ ነጋዴ እጅ፣ ተገፍተው። ምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ማተሚያ ቤትም ነበራቸው።

ኦነሲሞስ የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ስዊድን ሄዶ ዮሐነሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞከረ። በሱዳን በኩል ሄዶ ድንበር ላይ ቀረ፤ ታሞም ተመለሰ። መግባት ባይችል መጽሐፍ ይግባ ብሎ ወደ ትርጉም ዞረ።

የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ኦነሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያደገው በሌላ ቋንቋ መካከል ነው። ምፅዋ ላይ ዓረብኛና ትግረ ይነገራል። ትምህርቱ በስዊድንኛ ነው። ኦሮምኛውን አልረሳም፤ ግን የአገር ሽማግሌ ሲፈርድ፣ እናት ስታባብል፣ እረኛ ሲቀልድ ከሰማ ብዙ ዓመት አልፎታል። ኢዮብንና መዝሙረ ዳዊትን የሚተረጉም ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል።

አስቴር እስከ ልጅነቷ ማብቂያ የኖረችው በኦሮምኛ ነው። ምኩሉ ስትደርስ ቋንቋው ትኩስ ሆኖ አፏ ላይ አለ። ኦነሲሞስ ይህን ቶሎ አየ። ልጅቷ የተለየ የአእምሮ ስጦታ እንዳላትና ለኦሮምኛ እውነተኛ ስሜት እንዳላት መስክሯል። ተምሮ የመጣው እሱ ነው፣ ተርጓሚውም እሱ ነው። ቢሆንም ቋንቋውን በተመለከተ ከአንዲት ልጅ ሥር ቁጭ ብሎ መስማት አላሳፈረውም። ለእሱ ያለኝ አክብሮት የጨመረው በትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ በዚህም ነው።

ቃል መልቀም

መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማሰባሰብ ነው። ዛሬ መዝገበ ቃላት ስንል ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና አርታዒ ይታየናል። ያኔ የነበረው የሰው ትዝታ ነው። ምኩሉ ላይ ከልዩ ልዩ የኦሮሞ አገር የመጡ ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። የሊሙውና የሌላው አገር ሰው አነጋገር ይለያያል። ቃል የሚለቅም ሰው ይጠይቃል፣ ያወዳድራል፣ ይመርጣል። ይህ ስብስብ መጀመሪያ ጥቅም ላይ የዋለው የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማቃናት ነበር። አዲስ ኪዳኑ በ1893 ታተመ።

ዓመቶቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከ1888 እስከ 1892 ያለው ዘመን እኛ ክፉ ቀን የምንለው ነው። ከብት አለቀ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ረገፈ። ሰሜኑም ባሕር ዳሩም ከዚህ አላመለጠም። እነ አስቴር ቃል ሲለቅሙ የነበረው ይህ ሁሉ በዙሪያቸው እየሆነ ነው።

ከመዝገበ ቃላቱ ሌላ አስቴር አምስት መቶ የሚሆኑ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች። እኔ ከሥራዋ ሁሉ በዚህኛው ላይ ነው የምቆየው።

ማንኛችንም ልጅ ሆነን “እንቆቅልህ” ሲባል “ምን አውቅልህ” ብለናል። ኦሮሞውም ሂቦ አለው፤ ማታ እሳት ዳር ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ማንም ሰው “ሀብት ነው፣ ልጻፈው” አይልም። የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ያልፋል። ሚሲዮን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይጨመርበታል። የዱሮ ዘፈን ነው፣ የዱሮ እምነት ሽታ አለው፣ ይቅርብን የሚል አይጠፋም። አዲስ አማኝ ብዙ ጊዜ የትናንቱን ጠራርጎ መጣል ይቀናዋል። ይህን ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ እናየዋለን።

አስቴር አልጣለችም። ክርስትናን ተቀብላለች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተርጎም ትሠራለች፣ በዚያው እጇ ግን የአያቶቿን ተረት ትጽፋለች። ሁለቱ አልተጣሉባትም። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ይህች ልጅ ከቤተሰቧ ተነጥቃለች። ዕቃ ይዛ አልወጣችም። ይዛ የወጣችው ብቸኛ ነገር በጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ነው። እሱን አንድ በአንድ አወጣችና ወረቀት ላይ አኖረችው። ከባርነት የወጣ ሰው ንብረቱን ሲቆጥር ማለት ይህ ነው።

የስብስቧ ብዙው ክፍል በ1894 ምኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መጽሐፉ “ጀልቀባ በርሲሳ” ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ እንደማለት ነው። ከኦነሲሞስ ስም ጋር የእሷም ስም ተጽፎበታል። ማንበብ ለሚጀምር ልጅ የተዘጋጀ ነው። በዚያ ዘመን የሚሲዮን ማንበቢያ ከፊደል ቀጥሎ ወደ ጸሎትና ወደ ጥቅስ ቢሄድ ማንም አይገረምም ነበር። ይኼኛው ግን ልጁን በሚያውቀው ተረትና ምሳሌ ይቀበለዋል። ልጁ ቃሉን ከጆሮው ያውቀዋል፤ የሚቀረው ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ነው። ዛሬ የማስተማር ዘዴ የሚያጠኑ ሰዎች አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋና በሚታወቅ ነገር ይጀመር ይላሉ። ምኩሉ ላይ ይህ በ1894 ተሠርቷል።

አስቴር ለልጆች የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ወደ ኦሮምኛ ተርጉማለች። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈው በእኛው በግእዝ ፊደል ነው። ፈጣሪን የሚጠራው ኦሮሞው ዱሮም በሚጠራበት ስም፣ ዋቀዮ ብሎ ነው።

ወደ ወለጋ

መጽሐፉ ተሠራ። ሰው ግን የለበትም። አንባቢው ያለው ወለጋ፣ ጅማ፣ ኢሉባቦር ነው፤ መጽሐፉ ያለው ኤርትራ ነው።

መንገዱን ቀድመው ከከፈቱት አንዱ ኦሮሞ አልነበረም። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው። በ1898 ወለጋ፣ ቦጂ ገብቶ ኦሮምኛ ተምሮ በኦሮምኛ ማስተማር ጀመረ። በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ። የእሱ ታሪክ ለብቻው የሚጻፍ ነው።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። አስቴር ሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗታል። ከአገሯ የወጣችው በባሪያ ነጋዴ ተነድታ ነው። የተመለሰችው መጽሐፍ ተሸክማ ነው። ግን ነቀምቴ ሊሙ አይደለም፤ የተወለደችበት ቀዬ አልገባችም። “ተመለሰች” ስንል ወደ ቋንቋዋና ወደ ሕዝቧ ማለታችን ነው። በዚያ ላይ ኤርትራ ውስጥ መኖር ይቀል ነበር። ትምህርት ቤቱ አለ፣ ሰላም አለ፣ የሚያውቋት ሰዎች አሉ። ወለጋ ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያውቅ አልነበረም።

የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በደንብ ተቀበሏቸው። ኩምሳ ሞረዳ በሚለው የመጀመሪያ ስማቸውም ይታወቃሉ። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ ሲያስተምር ሰው ተገረመ፤ ተከተለውም።

ክስ ለመምጣት አልዘገየም። የአካባቢው ካህናት ቅድስት ማርያምን ይሰድባል ብለው ከሰሱት። ነገሩን አንድ ወገን ብቻ አድርጌ መጻፍ አልፈልግም። ካህናቱ ከልባቸው የደነገጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ለእመቤታችን ያላቸው ፍቅር የእምነታቸው እምብርት ነው፤ ከውጭ ተምሮ የመጣ ሰው አዲስ ትምህርት ሲያመጣ ዝም ይላሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በሌላ በኩል ኦሮምኛ አለመቻላቸው ለብዙዎቹ ችግር ነበር። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲመጣ ጉባኤያቸው ሳሳ። እምነትም ቅናትም አብረው ሠርተዋል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በ1906 ኦነሲሞስ አዲስ አበባ፣ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አለዘቡት። ወደ ነቀምቴ ይመለስ፤ መስበክ ግን አይስበክ አሉ።

ስብከት ሲከለከል

ይህ ፍርድ የአስቴርን ጉዳይ ለመረዳት ቁልፍ ነው። ብዙ ጊዜ የኦነሲሞስ ታሪክ ሲጻፍ እንደ መሰናክል ተቆጥሮ ይታለፋል። ከትምህርት ቤቱ በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው።

ስብከት ተከለከለ፤ ማስተማር አልተከለከለም። ስለዚህ ከ1906 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሥራው ሁሉ የዞረው ወደ ነቀምቴው ትምህርት ቤት ነው። አደባባይ የሚቆም ሰባኪ አፉ ተዘጋ፤ ክፍል ውስጥ የምትቆም አስተማሪ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ሰው እንደ ትርፍ ሥራ የሚያየው ነገር ዋናውን ሥራ ተሸከመ። አስቴር ባትኖር፣ ከእሷም ጋር እንደ ልድያ ዲምቦና ፌቨን ሂርጴ ያሉት የምኩሉ ሴቶች ባይኖሩ ትምህርት ቤቱ ማን ይዞት ይቆም ነበር? ልድያ የኦነሲሞስ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። ሦስቱም ሴቶች ማንበብና መጻፍ ይችላሉ። በዚያ ዘመን ወለጋ ውስጥ የተማረች ሴት ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ሴት ልጁን ወደ ትምህርት ለመላክ የሚያመነታ አባት መልሱን በዓይኑ ያያል።

አስተማሪዋ ለምን እንዳስፈለገች የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። መጽሐፎቹ በግእዝ ፊደል ተጽፈዋል። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። አማርኛ ላይ “አለ” የሚለውን ስናነብ ጠብቆም ላልቶም ይወጣል፤ ከአገባቡ እንለየዋለን። ኦሮምኛ ላይ ይህ ይበረታል። “በዳ” ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ነው። የአናባቢዎቹ ማጠርና መርዘምም እንዲሁ። እንግዲህ መጽሐፉን ብቻ ለሕዝቡ መበተን አይበቃም። አጠገብ ቁጭ ብሎ “እንዲህ ተብሎ ይነበባል” የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ጆሮው ያልተበረዘ መሆን አለበት። አስቴር ቃሉን ለቅማለች፣ መጽሐፉን አዘጋጅታለች፣ ከዚያም ክፍል ገብታ አስነብባለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራው የሄደች እሷ ናት።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ኦነሲሞስ በአደባባይ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ስብከቱ እንደገና ሲከፈት የሚያዳምጠው ሰው የተለየ ነበር። ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች ተፈጥረዋል። ቃሉን ሰምተው ብቻ አይመለሱም፤ መጽሐፉን ከፍተው ያያሉ። ይህ በአንድ ጀንበር አልመጣም። የአሥር ዓመት የክፍል ሥራ ነው።

ስሟ ለምን ደበዘዘ?

ጉዳዩን ሳየው ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስለኝም።

ትርጉም ላይ ስም የሚይዘው መጨረሻ ላይ የሚፈርመው ነው። ቃል ያቀበለ፣ “ይህ እንዲህ አይባልም” ያለ፣ ሲነበብለት ፊቱን ያጨማደደ ሰው ሽፋን ላይ አይወጣም። የእኛው የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ አላመለጠም። ተርጓሚው አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ ሥራውን ካይሮ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ጨረሰ። ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን? አስቴር ደግሞ ከዚህ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ነው የቆመችው። ረዳት ተባለች። ሴት ናት። ቤተሰብ የላትም፤ “የእገሌ ዘር” ብሎ የሚያነሳት ወገን አልነበረም።

ሌላው ምክንያት የታሪክ አጻጻፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚወደው ክስ፣ ችሎት፣ ስደትና ድል ነው። ኦነሲሞስ ይህ ሁሉ አለው። አስተማሪ ግን ችሎት አይቀርብም። ዛሬ ያስተማረውን ነገ ይደግማል። ምኒልክ ፊት የቀረበ ሰው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ለአንድ ልጅ የፊደል ገበታ የያዘ ሰው የሚሰፍርበት መዝገብ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት ትንሽ ያናድዳል። መንፈሳዊ አገልግሎት ስንል አሁንም ቶሎ የሚታየን መድረክ ነው። ማይክ የያዘው አገልጋይ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን የያዘችው ግን “ታግዛለች” ትባላለች። የአስቴርን ሕይወት በዚህ ሚዛን ከመዘንነው ጎዶሎ ይወጣል። ሚዛኑን ነው መጠርጠር ያለብን።

ይህን ሁሉ ስል ኦነሲሞስን ለማሳነስ አይደለም። በማንበቢያው መጽሐፍ ላይ ስሟን ከስሙ ጋር ያወጣው፣ ስጦታዋንም በጽሑፍ የመሰከረው እሱ ነው። የረሳት ከእሱ በኋላ የመጣው ነው።

ከ1931 በኋላ

ኦነሲሞስ በሰኔ 1931 ሞተ። አስቴር ከእሱ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረች። ኢጣሊያ እንደገና መጣች፤ በ1886 ከባሪያ ጀልባ ያወጣቻት መንግሥት በ1935 አገሯን የወረረ መንግሥት ሆነ። ስዊድናውያኑ ሚሲዮናውያን ተባረሩ። የወለጋ አማኞች የውጭ ሰው ሳይኖር ራሳቸውን ችለው መቆም ነበረባቸው። ቆሙም። የራሳቸው ቋንቋ መጽሐፍ ነበራቸው፤ እሱን የሚያነቡ ሰዎችም ነበሯቸው። ማንበብ የሚችል ምእመን ያለው ጉባኤ መሪው ሲወሰድ አይበተንም። ይህን ማንም ሊቆጥረው አይችልም፤ የነቀምቴውን ትምህርት ቤት ድርሻ በመቶኛ አስልቶ የሚያሳይ ሰነድ ላገኝላችሁ አልችልም። ግን ሌላ ማብራሪያ ስፈልግ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የ1899ኙ ትርጉም ለብዙ አሥርት ዓመታት የኦሮምኛ አማኞች መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ አገለገለ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው መጽሐፍ ተራራቀ። ቋንቋው ያው ነው፤ ፊደሉ ግን ለቁቤ አንባቢ ዝግ ነው። አስቴር የሰበሰበችው ተረትና ምሳሌም እንዲሁ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ሚኒያፖሊስ የሚኖር የኦሮሞ ወጣት የቅድመ አያቱን እንቆቅልሽ በ1894ቱ መጽሐፍ ማንበብ ቢፈልግ መጀመሪያ ሀ ሁ መቁጠር አለበት። መጽሐፉን ወደ ቁቤ ገልብጦ፣ በአስቴር ስም አሳትሞ፣ በየትምህርት ቤቱ ማዳረስ ለመታሰቢያዋ ከሐውልት ይሻላል ባይ ነኝ። ወጪውም ያነሰ ነው።

በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በይፋ ተመሠረተች። አስቴር ያኔ በሕይወት ነበረች። ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ነበራት። ያረፈችው ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ የወሰነችው ደግሞ እሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።